ዝምታ ብዬ የጻፍኩት ዐሥራ ዘጠኝ ሰከንድ

ሥራ የጀመርኩት ሞጣ ውስጥ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ አንድ ጠባብ ቢሮ ነው። ዝናብ ሲጥል እዚያ ክፍል ውስጥ ምንም አይሰማም፤ የእኛ ሥራ ደግሞ መስማት ነበር። ስለዚህ ክረምት በገባ ቁጥር ዝናቡ እስኪያባራ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ነበር።

ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምሬአለሁ። ለቋንቋ ምርምር ረዳት ይፈለጋል የሚል የዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ አይቼ ተወዳደርኩና አለፍኩ። የምርምር ቡድኑን የሚመሩት ዶክተር ሙሉቀን ነበሩ። ከሌላ አካባቢ ተመድበው የመጡ፣ ቀጭን፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የጆሮ ማዳመጫ ሰጡኝና ላፕቶፑ ላይ ካለ ቅጂ አምስት ደቂቃ ብቻ አዳምጬ እንድጽፍ አዘዙኝ። የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርት ነበር። ቀላል መስሎኝ ጀመርኩ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ንጹሕ አድርጌ፣ አራት ነጥቡን በየቦታው አሳርፌ አስረከብኳቸው።

አንድ ጊዜ አነበቡና ቀይ እስክሪብቶ አነሡ። መምህሩ «እ… እንግዲህ፣ እንግዲህ ሥሩ ምን፣ ውኃውን ይስ… ይስባል» ያለውን እኔ «ሥር ውኃን ይስባል» ብዬ ነበር የጻፍኩት።

«አበራ፣ ይኼ መምህሩ ያለው አይደለም። ማለት ነበረበት ብለህ ያሰብከው ነው» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ያንኑ አምስት ደቂቃ እንደገና ጻፍኩ። በማግስቱም ሌላ አምስት ደቂቃ ሰጡኝ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ድረስ ሌላ ነገር አልነካሁም።

ሙያው በመጽሐፍ ላይ የዲስኩር ትንተና ይባላል። እኛ ቢሮ ውስጥ ግን «የክፍል ንግግር» ነበር የምንለው። አንድ መምህር ሲያስተምር እንቀዳለን፤ ቅጂውን ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ እንገለብጣለን፤ ከዚያ ማን ጠየቀ፣ ማን መለሰ፣ መምህሩ መልሱን እንዴት ተቀበለው የሚለውን እየለየን ለእያንዳንዱ ንግግር የራሱን ኮድ እንሰጣለን። የአርባ ደቂቃ ትምህርት ለመገልበጥ ሁለት ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ሲናገር የካሬ ቅንፍ ይደረጋል። ያልተሰማ ቃል «የማይሰማ» ተብሎ ይጻፋል። ዝምታ ደግሞ በሰከንድ ተለክቶ ቁጥሩ በቅንፍ ውስጥ ይገባል።

ዶክተር ሙሉቀን ዝምታን በጣም ይወዱ ነበር። የሚያጠኑት እሱን ነው ማለት ይቻላል። መምህሩ ጠይቆ ተማሪ ሳይመልስ የሚያልፈው ጊዜ ስለ ትምህርት አሰጣጡ ብዙ ይናገራል ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ይናገራል። የሚናገረው ምን እንደሆነ ግን ሁልጊዜ ከቅጂው አይገኝም። ይህን ለመረዳት ብዙ ዘመን ፈጅቶብኛል።

ከእኔ ጋር የተቀጠረችው ሰብለ የግንደወይን ልጅ ናት። የእሷ ሥራ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መመልከት ነበር። መቅረጸ ድምፅ የማይዘውን፣ ማን እንደተነሣ፣ ማን በመስኮት እንደሚያይ፣ ሰሌዳው ላይ ምን እንደተጻፈ በማስታወሻ ደብተር ትመዘግባለች። እጅ ጽሑፏ ደቃቃና ጥቅጥቅ ያለ ስለነበር ሌላ ሰው ለማንበብ ይቸገራል። እኔም አንዱ ነበርኩ።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ቢቸና ሄድን። የትምህርት ቤቱን ስም አልጽፍም። ርዕሰ መምህሩ በአምስተኛ ክፍል አማርኛ ከሚያስተምሩ ሁለት መምህራን ጋር አገናኘን። አንዱ ወጣት ነበር፤ ቅጹን ሳያነብ ፈረመ። ሁለተኛዋ መምህርት ይርገዱ ነበሩ።

መምህርት ይርገዱ ሃምሳ ዓመት የተጠጋቸው፣ ከዚያ ውስጥ ግማሹን በማስተማር ያሳለፉ ሰው ናቸው። የፈቃድ ቅጹን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ይህን ማን እንደሚሰማው ጠየቁኝ። እኔና የሥራ ጓደኞቼ ብቻ ነን አልኳቸው። ስማቸው ይጻፍ እንደሆነ ጠየቁ። በስማቸው ፋንታ ፊደል እንደምናደርግ ነገርኳቸው።

«ለምዘና እንዳይሆን ነው» አሉ። «ሰው ሲያየኝ ማስተማር አይከብደኝም። ለምዘና ሲሆን ግን ለተማሪው ሳይሆን ለሚያየው ሰው ማስተማር ይመጣል።»

ለምዘና አይደለም አልኳቸው። እንዲያ ያልኩት ስላመንኩበት ነው። ፈረሙ።

ሁለቱ ክፍሎች አማርኛ የሚማሩት በአንድ ክፍለ ጊዜ ስለነበር ተከፋፈልን። እኔ ወደ ወጣቱ ክፍል ገባሁ፤ ሰብለ ደግሞ ሁለተኛውን መቅረጸ ድምፅ ይዛ ወደ መምህርት ይርገዱ ገባች። ስለዚህ ያን ትምህርት በዓይኔ አላየሁትም። ከሰማሁት ብቻ ነው የማውቀው።

ወደ ሞጣ ተመልሰን ብዙ ሳንቆይ ሰብለ ለወሊድ ፈቃድ ወጣች። ከወሊዱ በኋላም ታመመችና ሌላ ረጅም ፈቃድ ጨመረች። ደብተሮቿን በካርቶን አድርጋ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣልኝ ነበር። የሪፖርቱ ማስረከቢያ ቀን ደግሞ እየደረሰ ነው። ዶክተር በየጠዋቱ ምን ያህል እንደቀረኝ ይጠይቁኛል።

የመምህርት ይርገዱን ቅጂ የገለበጥኩት በዚያ ጥድፊያ ነው። የዕለቱ ምንባብ ወደ ገበያ ስትሄድ ከመንገድ ስለተመለሰች ሴት ነው። መምህርት ይርገዱ ምንባቡ ካለቀ በኋላ «ሴትየዋ ለምን ተመለሰች?» ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ዝምታ ነው። ለካሁት፤ ዐሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። ከዝምታው በኋላ አንድ ትንሽ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ አልተለየኝም። ወዲያው መምህርቷ «ጎሽ፣ ተቀመጪ» ይላሉ።

በግልባጩ ላይ ዐሥራ ዘጠኝን በቅንፍ አስገባሁ። ቀጥሎ «የማይሰማ» ብዬ ጻፍኩ። «ጎሽ» ለሚለው ደግሞ «ያለ መልስ ማሞገስ» የሚለውን ኮድ ሰጠሁት። ጥያቄው እንዳለ «ያልተሳካ ጥያቄ» ሆነ። የሰብለ ደብተር ከኔ ወንበር ሦስት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ነበር። ያንን ጽሑፍ ለማንበብ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል ብዬ ተውኩት።

ዶክተር ግልባጩን ሲያዩ ወደዱት። እንዲህ ያለ ረጅም ዝምታ በሌላ ቅጂ አላገኘንም ነበር። ሪፖርቱ ውስጥ የመጀመሪያው ምሳሌ እሱ ሆነ። «መምህር ሐ ጥያቄ አቅርበው የተፈጠረውን ዝምታ መስበር ተስኗቸዋል፤ መልስ ሳያገኙም በልማድ ያሞግሳሉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዶክተር አንዲት ቃል አላረሙበትም። በዚያን ጊዜ ይህ አኩርቶኝ ነበር።

በሪፖርቱ መጀመሪያ የተሳታፊዎች ሠንጠረዥ አለ። ስማቸውን አላወጣሁም። ከተማ፣ ክፍል፣ ጾታ፣ የአገልግሎት ዘመን ግን ሞላሁ፤ የሙያው ደንብ ይፈቅዳል። ቢቸና ውስጥ ያን ያህል ዘመን አገልግላ አምስተኛ ክፍል አማርኛ የምታስተምር ሴት አንድ ብቻ እንደሆነች ልብ አላልኩም።

ውጤቱን ሞጣ ላይ በአንድ አዳራሽ አቀረብን። መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች ተጠርተው ነበር። ዶክተር የዐሥራ ዘጠኙን ሰከንድ ምሳሌ ሰሌዳ ላይ አሳዩ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። በሻይ ሰዓት አንድ ሱፐርቫይዘር ወደኔ መጥቶ ይቺ መምህር ሐ ማን እንደሆነች ጠየቀኝ። ስም መናገር እንደማይፈቀድልን ነገርኩት። ሻዩን እያማሰለ፣ ስሙስ አያስፈልግም፣ አለኝ። እኔም ሻዬን ጨርሼ ወደ አዳራሹ ተመለስኩ።

ከሦስት ወር በኋላ ከቢቸና የመጣ መምህር ወሬውን ነገረኝ። መምህርት ይርገዱ በምዘና ዝቅተኛ ነጥብ ተሰጥቷቸው ከማስተማር ተነሥተዋል። አሁን የመጻሕፍት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ምክንያቱን ስጠይቀው አጥኚዎች መጥተው አንድ ነገር አግኝተውባቸዋል ይባላል አለኝ። አጥኚው እኔ መሆኔን አያውቅም ነበር፤ አልነገርኩትም።

ለራሴ ብዙ ነገር አልኩ። የሆነው ሆኖ እኔ የጻፍኩት ከቅጂው ነው፤ ምዘናውን የሰጠሁት እኔ አይደለሁም፤ አንድ ጥናት ብቻውን ሰው አያስነሣም፤ ሌላ ጥፋት ቢኖር ነው። በዚህ ዓይነት አንድ ዓመት ከግማሽ አለፈ። በመካከሉ ለሪፖርቱ ምስጋና ተጽፎልኝ ረዳት ሌክቸረር ሆኛለሁ።

ሰብለ ወደ ሥራ ስትመለስ ቁም ሣጥኑን ማጽዳት ጀመረች። ደብተሮቿን አወጣች፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ሪፖርትም አንሥታ አነበበች። እኔ እየጻፍኩ ነበር። ቀና ስል ቆማ ታየኛለች።

«ይኼን ያልተሳካ ጥያቄ ያልከው አንተ ነህ?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

ደብተሯን ከፍታ አስቀመጠችልኝ። ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች ራሷ አነበበችልኝ። «ፍቅርተ ለመመለስ ተነሣች። ትንተባተባለች። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ አይወጣም። መምህርቷ ጠመኔውን አስቀምጣ ትጠብቃታለች። ልጆቹ በሙሉ ጸጥ ብለዋል፤ ማንም አይስቅም። ፍቅርተ፦ ረስታ። መምህርቷ፦ ጎሽ።»

ሴትየዋ ከመንገድ የተመለሰችው ቁልፍ ረስታ ነው። ምንባቡ ውስጥ አለ። ልጅቷ በትክክል መልሳለች።

የጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ ያን ቦታ ከፈትኩት። ምን እንደምሰማ ካወቅኩ በኋላ ሁሉ ነገር ይሰማል። በዐሥራ ዘጠኙ ሰከንድ ውስጥ የተቆራረጠ ትንፋሽ አለ። መጨረሻ ላይ ያለችው ድምፅ «ረስታ» ናት፤ ሌላ ምንም ልትሆን አትችልም። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሰብለ ደብተሯን እዚያው ትታልኝ ወደ ማጽዳቷ ተመለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ወደ ቢቸና ሄድኩ። መጻሕፍት ክፍሉ ከግቢው ጥግ፣ አንድ መስኮት ብቻ ያለው ቤት ነው። መምህርት ይርገዱ የተገነጠሉ መጻሕፍትን በመርፌና ክር ይሰፋሉ። ያስታውሱኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ማሽን ይዘህ የመጣኸው ነህ» አሉኝና በርጩማ አመለከቱኝ።

የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ደብተሩን እንዳላነበብኩ፣ ዓረፍተ ነገሩን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሠንጠረዡንም የሞላሁት እኔ እንደሆንኩ። ስናገር መስፋታቸውን አላቆሙም። ስጨርስ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«ሪፖርታችሁን አምጥተው አንብበውልኝ ነበር» አሉ። «ዝምታውን መስበር ተስኗቸዋል ይላል። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ማን ዝም አለ? ልጅቷ እኮ ከተነሣችበት ጀምሮ እየተናገረች ነበር። ማሽናችሁ መጨረሻውን ብቻ ነው የሰማው።»

ያኔ ለምን እንዳላስረዱ ጠየቅኳቸው። ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ ነው ያፈርኩበት።

«አስረዳሁ እንጂ። በጥናት የተረጋገጠ ነው አሉኝ። ጥናቱ በእናንተ እጅ፤ እኔ ምን ይዤ ልከራከር?»

ከዚያ ስለ ፍቅርተ አጫወቱኝ። ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ አፏን ከፍታ አታውቅም ነበር። መምህርት ይርገዱ እሷ በሌለችበት ቀን ተማሪዎቹን ሰብስበው አነጋግረዋል፤ ፍቅርተ ለመናገር ከተነሣች ማንም እንዳይስቅ፣ ማንም እንዳይመልስላት ቃል አስገብተዋቸዋል። እሷን ስሟን ጠርተው ላለመጠየቅ ወስነው ጠበቁ። እኛ የመጣንበት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ፈቃድ የተነሣችበት ቀን ነው።

«ማሽን መኖሩንም ረስቼው ነበር» አሉ።

አሁን የት እንዳለች ጠየቅኳቸው። እሳቸው ከተነሡ በኋላ የመጣው መምህር ቸኩሎ ያልፋታል፤ ልጆቹም መሳቅ ጀመሩ። ስድስተኛን እንደምንም ጨርሳ ሰባተኛ ላይ አቋረጠች። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እሳቸው ሱቅ ውስጥ ትሠራለች።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አጎንብሼ ነበር የተናገርኩት።

«ይቅርታውስ ይሁን» አሉኝ። «እኔ የምፈልገው ግን ክፍሌን ነው።»

ከዚያ ወጥቼ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ገበያው አጠገብ ነው። ፍቅርተ ተቀምጣ ዘመዘማ ትሠራለች፤ ቁመቷ ረጅም ነው፤ ዐሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ማንነቴን ልነግራት ነበር የሄድኩት። አልቻልኩም። ከኮቴ የወለቀ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበርና እሱን አወጣሁ። ልጅቷ ተቀብላ ሰፋችልኝ። አክስቷ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ከሞጣ አልኳቸው። ልጅቷን አመስግኜ ስሟን ብጠይቃት አክስቷ ፈጠን ብለው መለሱላት። እሷ አንገቷን ደፋች። ወጣሁ።

ሞጣ እንደደረስኩ ወደ ዶክተር ሙሉቀን ገባሁ። ደብተሩን አሳየኋቸው፤ ቅጂውን አሰማኋቸው። ጥሩ አዳማጭ ስለሆኑ ቃሉን በመጀመሪያው ለዩት። 

ስሕተት ነው አሉ። ነገር ግን ጥናቱ በብዙ ክፍሎች ላይ የተመሠረተ ስለሆነ አንድ ምሳሌ ቢወጣም ድምዳሜው አይናጋም አሉኝ። እኔ ስለ ድምዳሜው አልመጣሁም፤ ስለ አንዲት መምህርት ነው አልኳቸው። ከእሳቸው ጋር እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

«አበራ፣ የእኔ ሥልጣን እስከ ሪፖርቱ ነው። ሪፖርቱን አስተካክላለሁ። መምህርቷን ወደ ቦታዋ መመለስ ግን በእጄ አይደለም» አሉ።

ቃላቸውን ጠበቁ። በሚቀጥለው ሪፖርት መጨረሻ ላይ ግማሽ ገጽ እርማት ወጣ። ማን እንዳነበበው አላውቅም። እኔም እርማቱን ከደብዳቤ ጋር አያይዤ ምዘናውን ወደሚመለከተው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ወሰድኩ። ያገኘሁት ኃላፊ ትሕትና ያለው ሰው ነበር። ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። የዚያ ዓመት ምዘና ተዘግቷል፤ የተዘጋ ፋይል የሚከፈትበት አሠራር የለም፤ በቦታቸውም ሰው ተመድቧል አለኝ። ደብዳቤዬን ግን ተቀበለ፤ ማኅተም አድርጎ ቀሪውን ሰጠኝ። ሁለት ጊዜ ደግሜ ሄድኩ። በሦስተኛው ሌላ ኃላፊ ተተክቶ ነበርና ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።

በመካከሉ አንድ ቀን ላፕቶፑን ይዤ ወደ መምህርት ይርገዱ ተመለስኩ። የገዛ ትምህርታቸውን ሰምተውት እንደማያውቁ ትዝ ብሎኝ ነው። መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ በኋላ የጆሮ ማዳመጫውን ተቀበሉኝ። የታተመውን ግልባጭ በእጃቸው ሰጠኋቸው። አርባውን ደቂቃ በሙሉ ሰሙ።

ሲጨርሱ እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ዐሥራ አንድ ቦታ ላይ አረሙኝ። «ሁከት» ብዬ የጻፍኩት፣ ዓይኑ የደከመ ልጅ ወደ ፊት እንዲመጣ ሌሎቹ ሲጠጋጉለት ነው። «ትእዛዝ» የሚል ኮድ የሰጠሁት አነጋገር እሳቸውና ተማሪዎቻቸው የለመዱት ጨዋታ ነው፤ ልጆቹ ሲስቁ ይሰማል፤ እኔ ሳቁን ከመስኮት ውጭ የመጣ ድምፅ አድርጌው ነበር። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ራሳቸውን አረሙ። አንዱን ልጅ ቶሎ አልፌዋለሁ፣ ልክ አልነበርኩም አሉ። ያን ኮድ ትክክል ሰጥቼው ነበር፤ እንዳለ እንዲቀር አዘዙኝ።

ያን ቀን የተማርኩትን ያህል ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት አልተማርኩም። አመሰግናለሁ ስላቸው ወደ መጻሕፍታቸው ዞሩ። ደብዳቤውስ የት ደረሰ አሉኝ። እየተከታተልኩ ነው አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አወጣሁ። ግልባጭ ካለቀ በኋላ ለተቀዳው መምህር ይመለሳል፤ አብረን ቁጭ ብለን እናዳምጣለን፤ እሱ ወይም እሷ ያሉት በጎን ይጻፋል። ካልተስማማንም ሁለቱም ይጻፋል። ዶክተር ሙሉቀን ይህን አልተቃወሙም። ሆኖም ሥራው እጥፍ ጊዜ ወሰደ። ለቶሎ ሪፖርት የሚፈለጉ ጥናቶች ወደ ሌሎች ባልደረቦች ሄዱ። ከእኔ በኋላ የገቡ ሰዎች ረዳት ፕሮፌሰር ሲሆኑ እኔ ከሌክቸረርነት አላለፍኩም። ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም። ወጣቶች ሲጠይቁኝ ስለማድበሰብስባቸው አንድ ጊዜ በግልጽ ይታወቅ ብዬ ነው።

ሰብለ ከእኔ ጋር እስከ መጨረሻው ሠርታለች። ስለዚያ ደብተር አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የእሷን ጽሑፍ ማንበብ ተለማምጄ፣ ከራሷ እኩል ማንበብ ደርሼ ነበር።

ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ስልክ ለወራት አይሠራም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ደወል ሳይደወልባቸው ከረሙ። የክፍል ንግግር የምናጠና ሰዎች የምንቀዳው ክፍል አጣን። ቢሮ እየገባን የድሮ ቅጂ እናዳምጥ ነበር። አዳምጠን ስናበቃ ሰብለ አንዳንድ ጊዜ በቅጂው ላይ የነበሩትን ልጆች በስም እየጠራች አሁን የት እንዳሉ ትገምታለች። በኋላ ይህንንም ተወችው።

መምህርት ይርገዱ ጡረታ የወጡት ከዚያ መጻሕፍት ክፍል ነው። ወደ ክፍል አልተመለሱም። ልጅ ስላልነበራቸው ወንድማቸው ወዳሉበት ወደ ሮብ ገበያ ከተማ ሄዱ። መንገድ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ እዚያው ዐረፉ። የሰማሁት አርባቸው ከወጣ በኋላ ነው።

መንገዱ ሲከፈት ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ወንድማቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አላወቁኝም። ከእህትዎ ጋር እንሠራ ነበር አልኳቸው። መምህር ነዎት እንዴ አሉኝ። አይ፣ አጥኚ ነኝ አልኳቸው። አሰብ አደረጉና፣ አንድ አጥኚ ነበር ብላኝ ነበር አሉ። ምን እንዳሏቸው ለመጠየቅ ፈራሁ።  የሚበላ አቀረቡልኝ፤ በላሁ፤ እግዜር ያጥናዎት ብዬ ተነሣሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የድሮው ቢሮ ወጣቶች አንዳንዴ ይጠሩኛል። ቅጂውን አሁን ማሽን ራሱ ይገለብጠዋል፤ እኛ ሁለት ቀን የሚፈጅብንን እሱ በደቂቃ ይጨርሰዋል። በቅርቡ አንዲት ጀማሪ፣ ይህን ያህል ከፈጠነ ለመምህራኑ መመለሱ አሁንም ያስፈልጋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ስለ መምህርት ይርገዱ ነገርኳት። መጻፊያዋን አስቀምጣ ሰማችኝ።

ለእሷ ያልኳትን ለሌሎቹም ልጻፈው። ቅጂ ሰው የተናገረውን በከፊል ይይዛል፤ ለምን እንደተናገረው አይዝም። እሱን የሚያውቀው ተናጋሪው ነው። ስለዚህ በአንድ ሰው ንግግር ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁት። ከታተመ በኋላ መጠየቅ ለሰውየው አይጠቅመውም። እኔ የጠየቅኩት ከታተመ በኋላ ነው።